የባዮስን ማስተካከያ ጽፎ ስለ ማስቀመጥና መልሶ ስለ መስጠት

(ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ትምህርት)



በ2017 ዓ.ም. በመስከረም ወር ትምህርት ቤታችን ከክረምት ዕረፍት በኋላ ሲከፈት፤ በኮምፒዩተር ክፍላችን ካሉት 16 መሣሪያዎች መካከል 5ቱ እንደ ወትሮው መጀመር ትተው፤ በጥቁር ገጽ ላይ በነጭ ፊደል አንድ የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ጽፈው ቆሙ። የማስጠንቀቂያው አሳብ «በማስታወሻዬ የተጻፈው ድምር ልክ አይደለም» ማለት ነበር። ሰዓታቸውም ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ተገኘ። እኔም በዚያ ሳምንት የኮምፒዩተር ክበብ ተረኛ ስለ ነበርሁ፤ መሣሪያዎቹ የተበላሹ መስሎኝ እየሮጥሁ ወደ ፊዚክስ መምህራችን ሄድሁ። እሳቸውም አንዱን መሣሪያ ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፤ «ልጄ፤ አይዞህ፤ መሣሪያው ረሳ እንጂ አልሞተም» አሉኝ።

ይህች ጽሑፍ መሣሪያው ምን እንደ ረሳ፤ ለምንስ እንደ ረሳ፤ ዳግመኛም እንዳይረሳ ማስተካከያውን በአንድ የትእዛዝ መስመር ጽፎ ማኖርና መልሶ መስጠት እንዴት እንደሚቻል ታስረዳለች። ከዚህም ጋር እኔ ራሴ በችኮላ የሠራሁትን ስሕተት ሳልደብቅ እገልጻለሁ፤ ዋናውን ትምህርት ያገኘሁት ከእርሱ ነውና።

ባዮስ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር በበራ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም ባዮስ ይባላል። ስሙ ከአራት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች የተውጣጣ ሲሆን፤ ትርጉሙ «መሠረታዊ የግብዓትና የውጤት ሥርዓት» እንደ ማለት ነው። ቃሉንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ሲፒኤም የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት የሠራው አሜሪካዊው ጋሪ ኪልዳል እንዳወጣው ይነገራል።

የባዮስ ሥራ የትምህርት ቤታችንን ዘበኛ ሥራ ይመስላል። ዘበኛው ማንም ሳይመጣ ማለዳ ተነሥቶ በሩን ይከፍታል፤ ክፍሎቹን ይዞራል፤ ሁሉም ደኅና መሆኑን ካየ በኋላ ቀኑን ለመምህራንና ለተማሪዎች ያስረክባል። ባዮስም እንዲሁ ሜሞሪውን፤ ኪቦርዱንና ዲስኩን አንድ በአንድ ከመረመረ በኋላ ሥራውን ለዊንዶውስ ወይም ለሊኑክስ አስረክቦ ገለል ይላል።

ነገር ግን ዘበኛው የትኛውን በር አስቀድሞ መክፈት እንዳለበት የሚነግረው ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ባዮስም ከየትኛው ዲስክ መጀመር እንዳለበት፤ ዲስኩን በምን ዓይነት አሠራር ማነጋገር እንደሚገባው፤ ሌላም ብዙ ነገር ማወቅ አለበት። እነዚህ ሁሉ ምርጫዎች በአንድነት የባዮስ ማስተካከያ ይባላሉ።

ማስተካከያው የት ተጽፎ ይኖራል?

አይቢኤም የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ባወጣ ጊዜ፤ ማስተካከያው የሚደረገው በመሣሪያው ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ በተተከሉ ትንንሽ ማብሪያና ማጥፊያዎች ነበር። መሣሪያውን ከፍቶ በጣት የሚነካ ካልሆነ በቀር ማስተካከያውን የሚለውጠው አልነበረም። በ1984 በወጣው ኤቲ በተባለው መሣሪያ ግን፤ ሞቶሮላ የሠራው 146818 የተባለ ቺፕ ገባ። ይህ ቺፕ ሰዓትም ማስታወሻም ነው። በውስጡ 64 ባይት ሲኖረው፤ 14ቱ ለሰዓትና ለሰዓቱ መቈጣጠሪያ፤ የቀሩት 50ዎቹ ለማስታወሻ ያገለግላሉ። ከዚያ በኋላ የመጡ መሣሪያዎች ይህን ማስታወሻ ወደ 128 ባይትና ከዚያም በላይ አሳድገውታል። ማስታወሻውም ከተሠራበት ጥበብ የተነሣ «ሲሞስ» እየተባለ ይጠራል።

ሲሞስ የሚጽፈውን ይዞ የሚቈየው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ሳንቲም የምትመስል፤ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፤ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር፤ ጕልበቷ 3 ቮልት የሆነች ሲአር 2032 የምትባል ባትሪ ትቀመጣለች። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ገመዱ በሶኬት ላይ እስካለ ድረስ፤ ጠፍቶም ቢሆን ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ሰሌዳው ይደርሳልና ባትሪዋ አትደክምም። ገመዱ ሲነቀል ግን ሸክሙ ሁሉ በእርሷ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ የእኛ መሣሪያዎች ለምን እንደ ረሱ በዚህ ይታወቃል። ክረምቱን በሙሉ ገመዳቸው ተነቅሎ ተቀምጠው ነበር። መምህራችን ከ5ቱ አንዷን ባትሪ አውጥተው በቮልትሜትር ቢለኳት 2 ቮልት እንኳ አልሞላችም። በዚያን ጊዜ የማስተካከያው ዝርዝር በወረቀትም ሆነ በሌላ ስፍራ ስላልተጻፈ፤ 5ቱን መሣሪያዎች በግምትና በሙከራ ለማስተካከል ሦስት ቀን ፈጀብን። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመሣሪያም እንደሚሠራ ያን ጊዜ አየሁ።

መሣሪያው መርሳቱን በምን ያውቃል?

ይህን የሚያውቀው በተራ መደመር ነው። አንድ ባለሱቅ ማታ የዕለቱን ሒሳብ ደምሮ ድምሩን ከገጹ ግርጌ ይጽፋል እንበል። ጧት ገጹን እንደ ገና ደምሮ ድምሩ ከግርጌው ካልተስማማ፤ ከገጹ ላይ አንድ ነገር እንደ ተለወጠ ያውቃል። ባዮስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቍጥር ይይዛል። የሲሞስ ስፍራዎች ከ0 ጀምረው ሲቈጠሩ፤ ከ16 እስከ 45 ባሉት ስፍራዎች የሚገኙት 30 ባይቶች ይደመራሉ፤ ድምሩም በ46 እና በ47 ይጻፋል። ሁለት ስፍራ ያስፈለገው 30ዎቹ ሁሉ 255 ቢሆኑ ድምሩ 7650 ስለሚሆንና አንድ ባይት ይህን ሊይዝ ስለማይችል ነው። ለምሳሌ ድምሩ 1000 ቢሆን፤ 1000 ለ256 ሲካፈል 3 ደርሶ 232 ይተርፋል። ስለዚህ በ46 ላይ 3፤ በ47 ላይ 232 ይጻፋል።

የሒሳብ ወዳጆች የሆናችሁ ጓደኞቼ ግን የዚህን ዘዴ ጕድለት ሳታዩ አትቀሩም። አንዱ ቍጥር በ5 ቢጨምር፤ ሌላው ደግሞ በ5 ቢቀንስ ድምሩ አይለወጥም። ከዚህም የባሰ ጕድለት አለው፤ እርሱን ግን ወደ በኋላ እናገራለሁ።

ጽፎ ማስቀመጥ

መሣሪያዎቹ ከተስተካከሉና ባትሪዎቻቸው ከተለወጡ በኋላ፤ መምህራችን ማስተካከያውን በሊኑክስ የትእዛዝ መስመር ጽፎ ማስቀመጥን አስተማሩኝ። በዊንዶውስ የሚሠሩትን መሣሪያዎች ሳንነካ፤ ሊኑክስን በፍላሽ ላይ ጭነን ከፍላሹ እናስጀምራለን። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ሊኑክስ የሲሞስን ማስታወሻ «ኤንቪራም» በተባለ ድራይቨር አማካይነት እንደ አንድ ፋይል አድርጎ ያሳያል። ይህ ፋይል 114 ባይት ነው። ከ128 ላይ የሰዓቱን 14 ብንቀንስ 114 ይቀራልና። የሰዓቱ መተው መልካም ነው፤ ሰዓቱም አብሮ ቢጻፍ ኖሮ ማስተካከያውን በመለስን ቍጥር ቀኑም ወደ ኋላ በተመለሰ ነበር።

2ኛ/ ይህን ፋይል የሚነካው የዋና ኃላፊነት ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በዚያ ሥልጣን መግባት ያስፈልጋል።

3ኛ/ «ዲዲ» በተባለው ትእዛዝ ግብዓቱን ኤንቪራም፤ ውጤቱን በፍላሹ ላይ ያለ አዲስ ፋይል አድርገን እንጽፋለን። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግብዓቱና ውጤቱ ቢለዋወጡ፤ ማስቀመጥ ያሰብነው ሰዎች የቈየውን ፋይል በመሣሪያው ማስታወሻ ላይ እንገለብጣለን። መምህራችን መስመሩን ከጻፍሁ በኋላ እጄን ከኪቦርዱ አንሥቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብበው ያዝዙኝ ነበር።

4ኛ/ ያንኑ ሁለተኛ ጊዜ በሌላ ስም ጽፈን፤ «ሲኤምፒ» በተባለው ትእዛዝ ሁለቱን ፋይሎች እናስተያያለን። ትእዛዙ ምንም ሳይናገር ከተመለሰ ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ነው።

5ኛ/ ማስተካከያው በእርግጥ በእነዚህ 114 ባይቶች ውስጥ መኖሩን መፈተን ይገባል። ፈተናው ቀላል ነው። ወደ ባዮስ ገጽ ገብተን አንድ ምርጫ ብቻ ለውጠን፤ እንደ ገና ጽፈን ከቀድሞው ጋር እናስተያያለን። ልዩነት ከታየ ያ ምርጫ በዚያ ተጽፏል። ልዩነት ካልታየ ግን መሣሪያው ያን ምርጫ በሌላ ስፍራ ይይዘዋልና፤ የእኛ ፋይል አያድነውም።

መልሶ መስጠት

መልሶ መስጠት የዚሁ ተገላቢጦሽ ነው። ግብዓቱ ያስቀመጥነው ፋይል፤ ውጤቱ ኤንቪራም ይሆናል። ድራይቨሩም ባይቶቹን ከጻፈ በኋላ ድምሩን ራሱ አስልቶ በስፍራው ያኖራል። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን አጥፍቶ ማስነሣት ብቻ ይቀራል።

ነገር ግን አንድ እንቅፋት አለ። ባትሪው አልቆ ድምሩ አስቀድሞ የተበላሸ እንደ ሆነ፤ ድራይቨሩ ማንበብንም መጻፍንም እንቢ ብሎ የግብዓትና የውጤት ስሕተት መኖሩን ይነግረናል። በሙከራ አንዱን መሣሪያ ባትሪውን አውጥተን ብንመልስ ይኸው ደረሰብን። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም። አስቀድሞ ባትሪውን መለወጥ፤ ቀጥሎ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 በተባለው ቍልፍ ወደ ባዮስ ገጽ ገብቶ የፋብሪካውን ማስተካከያ መጫን፤ ሰዓቱን ማስተካከልና አጽድቆ መውጣት ነው። በዚህ ጊዜ ባዮስ ራሱ ትክክለኛ ድምር ይጽፋል። ከዚያ በኋላ በሊኑክስ ገብተን የራሳችንን ፋይል ብንመልስ እሺ ይላል።

የሠራሁት ስሕተት

አሁን ወደ ኑዛዜዬ እደርሳለሁ። በኮምፒዩተር ክፍላችን ያሉት መሣሪያዎች የሁለት ዓይነት ናቸው። ከ1 እስከ 10 ቍጥር ያላቸው የአንድ ዓይነት፤ ከ11 እስከ 16 ያሉት የሌላ ዓይነት ናቸው። የሁሉንም ማስተካከያ ጽፌ ጨርሼ በሥራዬ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ፋይሎቹን «አዲስ»፤ «አዲስ 2»፤ «የመጨረሻ»፤ «እውነተኛው የመጨረሻ» በሚሉ ስሞች ነበር የጠራኋቸው። መምህራችንም ስለ ስሙ ቢጠይቁኝ፤ «እኔ አውቃቸዋለሁ» ብዬ መለስሁላቸው።

በጥር ወር፤ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው፤ አንድ ተማሪ በጨዋታ የቍጥር 11ን የማስጀመሪያ ተራ ለውጦ መሣሪያው እንቢ አለ። እኔም ብልኅነቴን ለማሳየት መምህራችንን ሳልጠራ ፍላሼን ይዤ ሄድሁ። ከፋይሎቹም አንዱን መርጬ መለስሁ። ትእዛዙ ያለ አንዳች ስሕተት ተፈጸመ። መሣሪያውን ባስነሣው ግን ዊንዶውስ ጀምሮ ሰማያዊ ገጽ እያሳየ ይጠፋል፤ ተመልሶ ይነሣል፤ እንደ ገና ይጠፋል።

በዚያን ሰዓት አንዲት የ9ኛ ክፍል እኅታችን ወደ ክፍሉ ገባች። ለጂኦግራፊ መምህሯ የምታቀርበውን የብዙ ቀን ሥራዋን ያስቀመጠችው በዚሁ በቍጥር 11 ዲስክ ላይ ነበር፤ ሌላ ቅጂም አልነበራትም። ሰማያዊውን ገጽ ባየች ጊዜ ምንም ሳትናገር ወንበር ስባ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። እኔም በመምህራን ፊት ከደረሰብኝ ተግሣጽ ሁሉ ይልቅ ያ ዝምታ ከበደኝ።

መምህራችን ተጠርተው መጡ። አልተቈጡም። «በየትኛው ቀን ከየትኛው መሣሪያ ጻፍህ?» ብቻ አሉኝ። ደግነቱ የክበቡ የተራ መዝገብ በደብተሬ ነበረ። ከ1 እስከ 10 ያሉትን በማክሰኞ፤ ከ11 እስከ 16 ያሉትን በኀሙስ ጽፌ ነበር። የፋይሎቹን ቀን ብናይ እኔ የመለስሁት የማክሰኞ ፋይል ነው። የሌላውን ዓይነት መሣሪያ ማስተካከያ ለቍጥር 11 ሰጥቼው ኖሯል። ከዚህም የተነሣ ዲስኩን የሚያነጋግርበት አሠራር ስለ ተለወጠ፤ ዊንዶውስ በለመደው መንገድ ዲስኩን ማግኘት አቅቶት ነበር። የኀሙሱን ፋይል በሰዓቱ ቅደም ተከተል ለይተን ብንመልሰው መሣሪያው ደኅና ሆኖ ተነሣ። የእኅታችንም ሥራ አንዲት ፊደል ሳትጐድል ተገኘች። ከዲስኩ ላይ የጠፋ ነገር አልነበረም፤ የጠፋው ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ነበር። እኔም ይቅርታ ጠይቄ፤ በዚያው ሰዓት ሥራዋን በፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋት።

እንግዲህ ቀደም ብዬ «የባሰ ጕድለት» ያልሁት ይህ ነው። የማክሰኞውም የኀሙሱም ፋይል 114 ባይት ናቸው፤ በመጠን አይለዩም። ድምሩም በሁለቱ ዘንድ ልክ ነው፤ ድራይቨሩ ራሱ አስልቶ ይጽፈዋልና። ስለዚህ መሣሪያው የተሳሳተውን ፋይል በደስታ ተቀበለ። ድምር ቍጥሮቹ እንዳልተበላሹ ይመሰክራል እንጂ፤ የዚህ መሣሪያ ስለ መሆናቸው አይመሰክርም። ይህን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ካልጻፈው ይረሳል። መሣሪያዎቹ ረሱ ብዬ ስወቅስ እኔ ራሴ ከእነርሱ ይልቅ ረሺ ሆኜ ተገኘሁ።

ከዚያ ወዲህ የምንጠብቃቸው ደንቦች

በክበባችን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚከተሉትን ደንቦች እንጠብቃለን።

ሀ/ የፋይሉ ስም የመሣሪያውን ቍጥር፤ ዓይነቱን፤ የባዮሱን እትምና ቀኑን መያዝ አለበት። የባዮሱ እትም የሚጻፈው፤ ባዮሱ ሲታደስ የእያንዳንዱ ባይት ትርጉም ሊለወጥ ስለሚችልና የቀድሞው ፋይል ለአዲሱ እትም ላይስማማ ስለሚችል ነው።

ለ/ ዋና ዋናዎቹ ምርጫዎች በወረቀት ተጽፈው በመሣሪያው ጎን ይለጠፋሉ። ፍላሽም ይጠፋል፤ ይበላሻልም።

ሐ/ ፋይሎቹ ለማንም አይሰጡም። በአንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች የባዮሱ የይለፍ ቃል ምልክት በዚሁ ማስታወሻ ውስጥ ይገኛልና።

መ/ ማስተካከያን መመለስና ባዮስን ራሱን ማደስ አንድ እንዳልሆኑ እያንዳንዱ አባል ማወቅ አለበት። ማስተካከያ ቢበላሽ የፋብሪካውን በመጫን ይድናል። ባዮሱ ራሱ ሲታደስ በመካከል መብራት ቢጠፋ ግን መሣሪያው ጨርሶ ላይነሣ ይችላል።

ሠ/ ማንኛውም አባል ብቻውን አይመልስም። አንዱ ይጽፋል፤ ሁለተኛው የፋይሉንና የመሣሪያውን ቍጥር ያነባል።

ስለ አዳዲስ መሣሪያዎች

ወላጆቻችን በቤታቸው ያሏቸው አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ከእኛ አሮጌዎች ይለያሉ። በእነርሱ ዘንድ የባዮስን ስፍራ ዩኢኤፍአይ የተባለው ሥርዓት ወስዶታል፤ ከማስተካከያው አብዛኛውም ያለ ኤሌክትሪክ በሚቈይ ቺፕ ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ባትሪ ስለ ወጣ ብቻ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ በ114 ባይትም ጽፎ ማዳን አይቻልም። ለእነዚህ አንዳንድ ኩባንያዎች የራሳቸውን የትእዛዝ መስመር መሣሪያ አዘጋጅተዋል። ለምሳሌ ኤችፒ ያዘጋጀው ማስተካከያውን ሰው ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ይጽፋል፤ ከተዘረዘሩት ምርጫዎችም የተመረጠውን በኮከብ ምልክት ያሳያል። ዴልም ለመሣሪያዎቹ ተመሳሳይ አለው። ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ከባይት ይልቅ ይሻላል፤ ሰው አንብቦ ስሕተቱን ሊያገኝ ይችላልና። ቢሆንም የመሣሪያውን ስም መጻፍና ሁለት ሰው ሆኖ መሥራት በእነርሱም ዘንድ አይቀርም።

መደምደሚያ

ጓደኞቼ ሆይ፤ የኮምፒዩተር ክበብ አባል ያልሆናችሁ እንኳ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ትወስዱ ዘንድ እለምናለሁ። ደብተራችሁንም ሆነ በዲስክ ላይ ያለ ሥራችሁን ሳይጠፋ ገልብጡ፤ በገለበጣችሁትም ላይ የማን፤ የመቼና የምን እንደ ሆነ ጻፉበት። ስም የሌለው ቅጂ ቅጂ እንዳለን ያስመስለናል እንጂ በችግር ቀን አይደርስልንም።

ይህ ጽሑፍ ለመታተም ከመሰጠቱ በፊት ያቺ የ9ኛ ክፍል እኅታችን አንብባው፤ ስሟ እስካልተጠቀሰ ድረስ ቢወጣ ደስ እንደሚላት ነግራኛለች። አሁን እርሷ ራሷ የክበባችን አባል ናት። ፋይሎቹን ስንመልስ የፋይሉንና የመሣሪያውን ቍጥር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታነበው ሁለተኛዋ ሰው እርሷ ናት፤ እስካሁንም አንድ ጊዜ እጄን አስቁማኛለች።